ልጅን በፍርሃት ሳይሆን በእምነት ወደ ትምህርት ቤት ስለ ማስገባት

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ዛሬ የምናገረው ነገር ለአዋቂ ሰው ቀላል ይመስላል፤ ለሕፃን ግን ከሊማሊሞ ዳገት ይከብዳል። ይኸውም ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ከእናቱ እጅ ተለይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በልቡ የሚያድርበት ፍርሃት ነው።

ፍርሃት የሕፃን ብቻ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ባቆሙ ጊዜ የፈሩት ታላላቆች ነበሩ፤ ልጆቻችን ሃይማኖታቸውን ይለውጡብናል ብለው ሠግተው ነበርና። ንጉሠ ነገሥቱም ሥጋታቸውን ተመልክተው በሃይማኖት ከእኛ ጋር አንድ የሆኑ መምህራንን ከግብጽ አስመጡ። የፈራ ሰው የሚረጋጋው «አትፍራ» ስላሉት ሳይሆን የሚያምነውን ሰው በደጅ ቆሞ ሲያገኘው መሆኑን ከዚህ እንማራለን። ታላቁ ሰው እንዲህ ከሆነ ሕፃኑማ እንዴት አይሆን!

እንግዲህ ልጁ የሚፈራው ምንድን ነው? አስቀድሞ የሚፈራው አለንጋን ነው። ይህንንም ፍርሃት የዘራነው እኛው ነን። ልጁ ባጠፋ ቁጥር «ቆይ፤ ትምህርት ቤት ስትገባ አስተማሪው ያሳይሃል» እንላለን። አስተማሪን እንደ ጅብ ማስፈራሪያ አድርገን ዓመቱን ሙሉ ስንጠራ ቆይተን፣ በመስከረም ወር «በል ሂድ፤ ደስ ይበልህ» ብንለው እንዴት ይመነን? በቀድሞው ዘመን አባት ልጁን ለየኔታ ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ አደራ» ይል ነበር። ዛሬ ግን በ1987 ዓመተ ምሕረት የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጹ ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ በቤት የሚሰማው ማስፈራሪያ ይቅር፤ በትምህርት ቤትም አለንጋው ከመምህሩ እጅ ይራቅ።

ሁለተኛው ፍርሃት የመንገድ ነው። በእኛ አገር ክረምቱ ወጥቶም ጉሙ ቶሎ አይገፍም፤ ወንዙ ሞልቶ ይውላል፤ ውሻውም በየደጁ ይጮኻል። ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ልጁ ትቶት ስለሚሄደው ሥራ ያለው ሐሳብ ነው። ግልገሉን ማን ይጠብቅልኛል? ገብሱን ጭላዳ ቢበላው ቁጣው በእኔ ላይ ይሆን? እያለ ይጨነቃል። ይህ ጭንቀት የታማኝነት ምልክት ነውና አይሳቅበት። ይልቁንስ አባት በግልጥ «ግልገልህን እገሌ ይጠብቃል፤ ገብሱንም ተራ ገብተን እንጠብቃለን፤ የአንተ ሥራ ፊደል ነው» ብሎ ይንገረው። እንዲህ ያለ ቃል ከብዙ ምክር ይበልጣል። ነገር ግን ቃሉን የሰጠ አባት እሸቱ በደረሰ ጊዜ ልጁን ከትምህርት ቤት መልሶ ቢጠራው፣ ልጁ ዳግመኛ አያምነውም።

አራተኛውን በሐዘን እናገራለሁ። በ2013 ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ወር መጨረሻና በተከታዮቹ ቀናት በዳባት ወረዳ በጭና የብዙ ሰላማውያን ሰዎች ደም ፈሰሰ። በዚያ ወራት በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የነበረው ሕፃን ለፊደል ደርሷል። ራሱ ያየውን ባያስታውስ እንኳ ለቅሶ እየሰማ አድጓል፤ ስለዚህ ከእናቱ መለየትን ከሌላው ልጅ አብልጦ ቢፈራ አይደንቅም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ፈሪ» አትበሉት፤ የሆነውንም በግድ አታስተርኩት። መምህሩ በር አጠገብ ያስቀምጠው፤ ደወሉ ከመደወሉ በፊትም ድምፁን አስቀድሞ ይንገረው። እንቅልፍ ካጣና ምግብ ከተወ ግን ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

አሁን መድኃኒቱን ልናገር። በነሐሴና በጳጉሜን ወላጅ ልጁን ይዞ የትምህርት ቤቱን መንገድ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሂድ። የሚሻገሩበትን ወንዝ፣ የሚያርፉበትን ዛፍ፣ የሚቀመጡበትን ክፍል፣ መጸዳጃውንም ያሳየው። የታወቀ ነገር አያስፈራምና። በመጀመሪያው ቀን «ገበያ እንሄዳለን» ብሎ አታልሎ የሚወስድ ወላጅ አለ፤ ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። እውነቱን ነግሮ፣ የሚመለስበትንም ሰዓት አስታውቆ፣ በአጭሩ ተሰናብቶ ይሂድ። እናት በደጅ ቆማ ብታለቅስ የልጁ ልብ ይሸበራል። ማታም «ስንት ፊደል ቆጠርህ?» ከማለት በፊት «ከማን ጋር ተቀመጥህ? ምን አየህ?» ተብሎ ይጠየቅ።

መምህራን ሆይ፤ በቤተ ክርስቲያናችን የፊደል ትምህርት ቤት መልካም ልማድ ነበረ። ከፊደል አልፎ ዳዊት የደረሰው ታላቅ ተማሪ ታናሹን አስቀምጦ ሀ ሁ ያስቈጥረው ነበር። የኔታን የሚፈራ ሕፃን የጎረቤቱን ልጅ አይፈራም። ይህን ልማድ አትጣሉት። ለእያንዳንዱ አዲስ ልጅ ከመንደሩ አንድ ታላቅ ተማሪ ስጡት፤ በመንገድ ይምራው፤ ከሚስቁበትም ይከልለው። ለሴት ልጅ ሴት ጓደኛ ትሰጣት፤ የእርስዋ መንገድ ይልቁን ጥንቃቄ ይሻልና። እናንተም በመጀመሪያው ሳምንት በደጅ ቆማችሁ ልጁን በስሙ ጥሩት። ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል በአንድ ጊዜ አትጫኑበት፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏልና።

ሽማግሎች ሆይ፤ በየሰንበቴውና በየማኅበሩ ስትሰበሰቡ ይህን ነገር ለወላጆች ንገሩ። እናንተ በዕርቅ ደም አድራቂዎች ናችሁ፤ ልጅንና ትምህርት ቤትን ማስታረቅ ከዚያ አይከብድም። በፍርሃት የገባ ልጅ በመጀመሪያው ምክንያት ወደ በጎቹ ይመለሳል፤ በእምነት የገባ ግን ጉም ቢሆን፣ ብርድ ቢሆን፣ ባናውን ተከናንቦ ይመጣል።

እግዚአብሔር ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አገራችንንም ሰላም ያድርግልን።