ደስታው የሁላችን፣ አደራውም የሁላችን



እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 2008 ማታ የባራክ ኦባማ መመረጥ ሲታወጅ፣ እዚሁ ዋሽንግተን ዩ ስትሪት ላይ ሕዝቡ ወጥቶ ጨፈረ። ቺካጎ ላይ ጄሲ ጃክሰን ሲያለቅሱ በቴሌቪዥን አየን። ኬንያ የበዓል ቀን አወጀች። ተሸናፊው ጆን ማኬይን እንኳ ምርጫው ለጥቁር አሜሪካውያን ያለውን ልዩ ትርጉም በይፋ መሰከሩ።

እኛም እልል አልን። ነገር ግን የጃክሰንን እንባ ልብ እንበል። በደቡብ ግዛቶች ጥቁሮች ያለ መሰናክል እንዲመርጡ የሚያስችለው ሕግ የወጣው በ1965 ነው። የትውልድ አገር ኮታን ሽሮ እንደኛ ላለው በር የከፈተው የኢሚግሬሽን ሕግም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ለሁለቱም መንገድ የጠረገው የእነርሱ ትግል ነው። ባለውለታዎቻችን ናቸው።

አንዳንዶቻችን “እኛ ሐበሾች ነን፤ የእነርሱ ጉዳይ አይመለከተንም” እንላለን። ልጃችንን መንገድ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስ ግን አገሩን አይጠይቅም፤ ቆዳውን ያያል። አንድ ሰው ስለተመረጠ ዘረኝነት አበቃ ማለትም ራስን ማታለል ነው።

ስለዚህ ዜግነት ያገኘን ሁሉ እንመዝገብ፤ ለፕሬዚዳንት ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ቤት ቦርድም እንምረጥ። ቅጹ ለሚከብዳት እህት አጠገቧ ያለችው ትሙላላት። ውለታ የሚከፈለው እንዲህ ነው።