ዘርና አገር
(በትምህርት ቤቱ የዓመት በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባል በሆነ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን በፊታችሁ ቆሜ ስለ አንድ ጭብጥ ገብስ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ክበባችን አንድ ዓመት ሙሉ የደከመበትን ሥራ ያጣው በዚሁ ስለ ሆነ፥ ያገኘነውን ትምህርት ለእናንተ ማካፈል ግዴታችን ነው።

ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ተክል ከቦታ ወደ ቦታ መልኩን ሲለውጥ አይቷል። አንዱ ይረዝማል፥ ሌላው ያጥራል፤ አንዱ ቶሎ ያብባል፥ ሌላው ይዘገያል። ታዲያ ይህ ልዩነት የመጣው ከዘሩ ነውን ወይስ ከአገሩ? ይህን በዓይን ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም።

ክላውዘን፥ ኬክና ሃይሲ የተባሉ ሦስት ሊቃውንት ይህን ጥያቄ በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ መረመሩት። ሦስት የአትክልት ስፍራ አዘጋጁ፤ ይኸውም በስታንፎርድ በ30 ሜትር ከፍታ፥ በማዘር በ1,400 ሜትር፥ በቲምበርላይን በ3,050 ሜትር ላይ ነበር። አንዱን ተክል ከፋፍለው በሦስቱም ስፍራ ተከሉት። ክፋዮቹ ዘራቸው አንድ ስለ ሆነ፥ ቢለያዩ ምክንያቱ አገሩ ነው። ከልዩ ልዩ ከፍታ የመጡትን ደግሞ በአንድ ስፍራ ጎን ለጎን ተከሉ፤ በዚያም ልዩነታቸው ካልጠፋ ምክንያቱ ዘራቸው ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1940 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፥ ፖቴንቲላ ከሚባለው ተክል ከባሕሩ አቅራቢያ የመጣው ዓይነት የተራራውን ኑሮ አልቻለም። የተራራው ዓይነት ግን ብርዱ ቀላል በሆነበት በስታንፎርድ እንኳ በክረምት ያንቀላፋ ነበር።

በ2017 ደግሞ የብዙ አገር ተመራማሪዎች ተባብረው፥ የሰናፍጭ ዘመድ የሆነችውን አራቢዶፕሲስ የተባለች ትንሽ ተክል 231 ዓይነት ዘር ደባልቀው በልዩ ልዩ አገር ዘሩ፤ በየስፍራውም 12 መደብ አዘጋጁ። የትኛው ዘር እንደሚበዛ፥ የትኛውም እንደሚጠፋ በየዓመቱ ይመለከቱ ዘንድ ነው። ይህች ተክል በእኛም በሰሜን ተራሮች ትበቅላለች።

እንዲህ ባለው ሥራ ከሁሉ የሚከብደው የጊዜ ጉዳይ ነው። በሞቃቱ ስፍራ አበባው ቀድሞ ይወጣል፥ በብርዱ ስፍራ ይዘገያል። ስለዚህ ሠራተኛው የሚሄድበትን ቀን የሚቆርጥለት ተክሉ እንጂ የቀን መቁጠሪያው አይደለም። አበባው ካለፈ የሚመለሰው ከዓመት በኋላ ነው።

እኛ ይህን ያወቅነው ከጠፋን በኋላ ነው። ባለፈው ዓመት በሰኔ አንድ ዓይነት ገብስ በደጋ በትምህርት ቤታችን ግቢና በወይና ደጋ በአንድ አባላችን ቤተ ሰብ ማሳ ዘራን። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት እንሰበስባለን ብለን በጥቅምት ቀን ቆረጥን። የደጋው ገና እሸት ሳለ የወይና ደጋውን ለማየት ብንወርድ፥ ደርቆ ረግፎ፥ የቀረውንም ወፍ ለቅሞት አገኘነው። ገለባ ተሸክመን ተመለስን። የጠባቂ ጥፋት አልነበረም፤ መቼ እንዲጠራን አልነገርነውምና።

ስለዚህ ለመጪው ክረምት ይህን አቅደናል። አንደኛ፥ ዘሩ የተደባለቀ የአገር ገብስ ሆኖ ከአንድ ጎተራ ይወሰዳል፤ ከፊሉም ለማስተያያ በደረቅ ስፍራ ይቀመጣል። ሁለተኛ፥ በእያንዳንዱ ስፍራ አራት መደብ ይኖራል፤ አንዱን ከብት ቢበላው ሌላው ይተርፋል። ሦስተኛ፥ በየስፍራው ሁለት ተማሪዎች ተመድበው የበቀለበትን፥ ያሸተበትንና የደረሰበትን ቀን በመዝገብ ይጽፋሉ። አራተኛ፥ የየስፍራው ምርት በዚያው በስፍራው ለሁለት ዓመት ይዘራል። በሦስተኛው ዓመት ግን የደጋው ወደ ወይና ደጋ፥ የወይና ደጋውም ወደ ደጋ ተለውጦ ከነባሩ ጎን ይዘራል። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ዘር በገዛ አገሩ ከእንግዳው በልጦ ቢገኝ፥ አገሩ ዘሩን መርጦታል ማለት እንችላለን።

በሦስተኛው ዓመት እኔ በዚህ ትምህርት ቤት አልኖርም። መዝገቡን የሚዘጉት ዛሬ በ9ኛ ክፍል ያሉት ወንድሞቼና እኅቶቼ ናቸው። ስለዚህ የማትጽፉትን ቀን በልባችሁ እንይዘዋለን አትበሉ፤ የሚመጣው ልጅ የእናንተን ልብ ማንበብ አይችልም።

እናንተም ወላጆች፥ ገብሱ እሸት በያዘ ጊዜ አንድ መልእክት ላኩብን። ከእናንተ የምንለምነው ገንዘብ ሳይሆን ይህንኑ ነው። መምህራኖቻችንም በመስከረም አንድ ቀን ለመውረድ እንዲፈቅዱልን በትሕትና እንለምናለን።