ከጨርጨር እስከ ጉቤት፦ የእሳተ ገሞራው ጠረፍ ጉዟችን
(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አስተባባሪዎቹ “ስለ ጅቡቲው ጉዞ አስር ደቂቃ አውራልን፣ ሰው ከምሳ በኋላ ይዝናና” ብለውኛል። አዝናናለሁ። መጨረሻው ላይ ግን ትንሽ አስቸግራችኋለሁ፤ ከወዲሁ ይቅርታ።

እኔ የበደሳ ልጅ ነኝ። እዚያ ያደገ ሰው ቡናና ጫት ያውቃል፣ ጭጋግ ያውቃል፣ ባሕር ግን በካርታ ነው የሚያውቀው። ሐረማያ ገብተን መምህራችን ስለ ስምጥ ሸለቆ ሲያስተምሩን እሳተ ገሞራ የሌላ አገር ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። በደብተሬ ላይ ሐዋይንና አይስላንድን ጻፍኩ። የጨርጨር ተራሮች ራሳቸው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ መሆናቸውን፣ ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ስንወርድ ጆሯችን የሚደፈነውም በዚያ ጠርዝ ስለምንወርድ መሆኑን ያስተዋልኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

ስለዚህ አምስት የድሮ ጓደኛሞች ተጠራርተን “ስምጥ ሸለቆው ባሕር የሚሆንበትን ቦታ ሳናይ አንሞትም” አልን። ወሩ ታኅሣሥ ነበር። በደንገጎ ወርደን ድሬዳዋ አደርን፤ በማግስቱ በባቡር ጅቡቲ፣ ናጋድ ጣቢያ ገባን። አሮጌው የፈረንሳይ ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1917 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በአዲሱ መስመር የሄደ ሰው ያንን ዘመን ማሰቡ አይቀርም።

መሄድ ለምትፈልጉ ምክሬ ይኸው። ከኅዳር እስከ የካቲት ሂዱ፤ በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። ቪዛ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ከተማው ውድ ነው፤ ስንቅ ያዙ። ከሁሉ በላይ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ አድርጉ። ከመካከላችን አንዱ በሰንደል ጫማ መጥቶ፣ የቀዘቀዘው ቅልጥ ድንጋይ እንደ ምላጭ ቆራርጦለት በካልሲ ተመልሷል። ስሙን አልጠራም፤ እዚሁ ተቀምጦ እየሳቀ ነው።

መጀመሪያ አርታ የሚባለው ዳርቻ ወረድን። ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ከዓሣ ዘር በግዙፍነቱ አንደኛ የሆነው ፍጥረት እዚያ ይመጣል። ስሙ ያስፈራል እንጂ የሚበላው ጥቃቅን ነገሮችን ነው። ዋና የሚችሉት ሁለቱ ገቡ። እኔ የበደሳ ልጅ ጀልባዋን አቅፌ ቀረሁ። ነጠብጣብ ጀርባው ከሥራችን ሲያልፍ ግን ማናችንም አልተነፈስንም።

ከዚያ ጉቤት። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በምዕራብ ጫፉ በጠባብ በር ገብቶ የተዘጋ ገንዳ ይሆናል፤ እሱ ነው ጉቤት። ውኃው ጥልቅና ጥቁር ሰማያዊ፣ ዙሪያው ገደል። መሐሉ ላይ እሳተ ገሞራ የወለዳቸው ደሴቶች ብቅ ብለዋል፤ “የሰይጣን ደሴት” ይሏቸዋል። የአካባቢው ሰዎች ባሕሩን ጋኔን አለበት ብለው ይፈሩታል። ዳርቻው ላይ ቆማችሁ ስታዩ አትፈርዱባቸውም፤ አንድ ሣር የለም፣ የወፍ ድምፅ የለም።

ከጉቤት አስር ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ሲገባ አሳል ሐይቅ አለ፤ ከባሕር ወለል 155 ሜትር በታች፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ውኃው ከባሕር አስር እጥፍ ገደማ ይጨውማል። የሚያስገርመው ምንጩ ነው፤ የባሕሩ ውኃ በቅልጡ ድንጋይ ስንጥቅ እየሰረገ ይመግበዋል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ጨው ይቀራል። አፋሮች ያንን ጨው በግመል ወደ ደጋችን ሲያመጡ ኖረዋል። በሁለቱ መካከል አርዱኮባ አለ፤ በ1971 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ፈንድቶ አንድ ሳምንት ያህል ነደደ። ድንጋዩ ትናንት የፈሰሰ ይመስላል። ምድር እዚያ በዓመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ትከፈላለች። ይኸው ስንጥቅ ነው በአፋር አድርጎ መተሐራ ፈንታሌ ሥር የሚመጣው። ደብተሬ ላይ ሐዋይ ብዬ የጻፍኩት ነገር ለካ ደጄ ነበር።

እስካሁን ያለው ማዝናኛው ነው።

ከአሳል ስንመለስ በመንገዱ ዳር ወጣቶች በሰልፍ ሲሄዱ አየን። አስራ ሁለት ይሆናሉ። ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል። ሾፌራችን “ወደ ኦቦክ ነው የሚሄዱት፤ ከዚያ በጀልባ የመን” አለን፣ እንደ ተራ ነገር። ቆምን፣ ውኃ ሰጠናቸው። አንዱን በኦሮምኛ ሰላም አልኩት። ዓይኑ በራ። የት ነው አገርህ ስለው በደሳ አለኝ። ሰፈሩን ጠየቅሁት፤ አወቅሁት። ከገበያው በላይ ነው፣ እናቴ ቡና የምትሸጥበት ከነበረው መንገድ።

12ኛ ክፍል ጨርሷል፤ ፈተናው አልመጣለትም። ምን እንዳሰበ ስጠይቀው መልሱ ሌላ ጥያቄ ሆነ፦ “ኦቦ፣ ባሕሩ ገና ሩቅ ነው?”

እኔ ጠዋት ያንን ባሕር ለመዝናናት በጀልባ ዞሬበት መጥቻለሁ። ከኋላዬ ያለው ጉቤት መሆኑን፣ የሚሻገረው ሌላ መሆኑን፣ ኦቦክ በእግር ገና ቀናት እንደሚቀረው ነገርኩት። በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ ሁለት ጀልባዎች በዚያው ጠረፍ ሰጥመው ብዙ ወገኖቻችን መሞታቸውንም ነገርኩት። ሰምቷል። የመመለሻ ባቡር እንክፈልልህ አልነው። “ለደላላው የተከፈለው ብድር ነው፤ ባዶ እጄን እቤት ምን ብዬ እገባለሁ?” አለ። ስልኬን በወረቀት ጻፍኩለት። ጓደኞቹ ርቀውት ስለነበር እየሮጠ ሄደ። እስከ ዛሬ አልደወለም።

ይህን ያነሳሁት ጉዞውን ለመኮነን አይደለም። ሂዱ፣ እዩ፤ የሚያስቆጭ ቦታ አይደለም። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት የት እንደሚሄዱ እኛ ምሩቃን ቁጥሩን እናነባለን እንጂ ፊታቸውን አናይም። እኔ አንዱን አየሁ።

ከተመለስን በኋላ ክረምት ላይ ሦስታችን በደሳ ሄደን ለሁለት ሳምንት ሒሳብና ጂኦግራፊ አስጠናን። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ጠመኔና ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ያህል ልጆችን ይዘን ከፍታው ላይ ወጣንና ወደ ሰሜን አሳየናቸው፤ ቆላው በዚህ በኩል እየወረደ የት እንደሚደርስ። አንዲት ልጅ “ታዲያ መጽሐፉ ለምን ስለኛ አይጽፍም?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። የማኅበራችን አባላት እያንዳንዳችን በትውልድ ከተማችን፣ ጭሮም ይሁን ገለምሶ፣ ሂርናም ይሁን በደሳ፣ በክረምት ሁለት ሳምንት እንስጥ። መምህሮቻችንም የማስጠኛ ጽሑፍ በማዘጋጀት ይርዱን። መመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ የእኛ የሦስታችን ስም ከላይ ተጽፏል።

 ፎቶዎቹን አሁን እናያለን፤ የካልሲውም አለ።