ኧረ የፈለጉትን ይስጡኝ

ሥራችሁን አስረክባችሁ «ስንት ነው?» ስትባሉ፣ «ኧረ የፈለጉትን ይስጡኝ» ትላላችሁ? ብዙዎቻችን እንላለን። ከዚያ መንገድ ላይ እናጉረመርማለን።

እስቲ ስለ ብራዚላዊቷ የዜማ ደራሲና ፒያኖ ተጫዋች ሺኪንያ ጎንዛጋ ላጫውታችሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1847 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ተወለደች። በልጅነቷ ተዳረች። ባሏ ሙዚቃዋን አልወደደላትም። እሷ ሙዚቃዋን አልተወችም። ትዳሩ ፈረሰ፤ ቤተሰቦቿም ፊት ነሷት። ታዲያ በምን ትኑር? በፒያኖዋ! አስተማረች፣ ተከፈላት። ተጫወተች፣ ተከፈላት። የጨዋ ልጅ ለገንዘብ ፒያኖ መምታቷ ነውር በነበረበት ዘመን።

ገንዘብ ወዳድ ነበረች እንዳትሉኝ። የዜማዋን ኖታ ከቤት ቤት ዞራ ሸጣለች። በገንዘቡም በባርነት የነበረ ሙዚቀኛ ነፃ አውጥታለች። ዋጋዋን የምትጠይቅ እጅ፣ የምትሰጥም እጅ ነበረች።

በ1899 ለካርኒቫል የደረሰችው «ኦ አብሪ አላስ» የተባለ ዜማ ዛሬም ይጨፈርበታል። ዜማ እንዲህ ሲወደድ ደራሲው ይረሳል፤ እሷ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። በ1917 የቲያትር ደራሲያንን መብት የሚያስከብር ማኅበር ሲቋቋም፣ ከመሥራቾቹ አንዷ እሷ ነበረች። ያኔ ዕድሜዋ ወደ 70 ተጠግቶ ነበር።