የድኩማንን ፈቃድ ስለ መጠየቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



ካህኑ ዘካርያስ የመልአኩን ቃል ባለማመኑ አንደበቱ ተዘግቶ ሳለ፥ ልጁ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ጎረቤቶቹና ዘመዶቹ ተሰብስበው ሕፃኑን በአባቱ ስም ሊጠሩት እንደ ነበረ ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል። እናቲቱ ኤልሳቤጥ እንቢ ባለች ጊዜ ግን ወደ አባትየው ዘወር ብለው በምልክት ጠየቁት። እርሱም ብራና ለመነ፥ የልጁንም ስም በገዛ እጁ ጻፈ። ይህን አስተውሉ። መናገር የማይችል ሰው ፈቃድ የለውም አላሉም፤ ፈቃዱን የሚገልጽበትን መንገድ ፈለጉለት እንጂ።

ጌታችንም በኢያሪኮ መንገድ ዕውሩን በርጤሜዎስን ባገኘው ጊዜ፥ የልብን አሳብ የሚያውቅ አምላክ ሲሆን፥ ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድ ጠየቀው። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ የኖረውን መፃጉዕንም፥ መዳን ይወድ እንደ ሆነ አስቀድሞ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ እርሱ ከጠየቀ፥ ጥቂቱን ስንኳ የማናውቅ እኛ ሳንጠይቅ ስለ ምን እንወስናለን?

ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በመራዊ አጠገብ፥ ሰባት ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ የቆጋ ወንዝ ተገድቧል። ውኃ የሚያገኝ መሬት ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ዋጋ ባለበትም ፈተና አለ። ዓይናቸው የጠፋ አንዲት እናት በስማቸው የተጻፈ የይዞታ ደብተር አላቸው እንበል። ማረስ ስለማይችሉ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ለማን ይሰጥ፥ ለስንት ዘመን ይሰጥ ብሎ የሚመክረው ግን ወንድም ወይም የወንድም ልጅ ነው፤ እናቲቱ በምድጃ አጠገብ ተቀምጠው ይሰማሉ። በመጨረሻም አውራ ጣታቸውን ይዘው በወረቀቱ ላይ ያሳትሟቸዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው ሁልጊዜ ክፉ ነው አልልም፤ ብዙ ጊዜ የሚጦራቸው እርሱ ነው። ነገር ግን እንጀራ መስጠት የሰውን ፈቃድ ለመውሰድ ዋጋ አይሆንም።

ሕጉስ ምን ይላል? ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 340፥ ዓይነ ስውር ወይም መስማት የተሳነው ሰው ራሱን ለመጠበቅ ወይም ንብረቱን ለማስተዳደር ባልቻለ ጊዜ፥ ለአእምሮ ሕሙማን የተሰጠውን ጥበቃ ለራሱ ሊጠይቅ እንደሚችል ይናገራል። ሊጠይቅ ይችላል አለ እንጂ፥ ዕውር ስለ ሆነ ብቻ ከሰው ቁጥር ይውጣ አላለም። እንግዲህ ዘመድ ከሕጉ ይልቅ ከብዶ ተገኘ ማለት ነው። ስለ አእምሮ ሕሙማን ግን ሕጉ ራሱ ይከብዳል። በቁጥር 351 ፍርድ ቤት ሰውየውን ለጤናውና ለጥቅሙ፥ ደግሞም ለወራሾቹ ጥቅም ሲል ሊከለክለው ይችላል። በፍርድ የተከለከለም ሰው ሞግዚት ይቆምበታል፤ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድም ጋብቻ አይፈጽምም።

ከዚያ ወዲህ መንግሥታት በ1999 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አደረጉ፤ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጸደቀችው። የስምምነቱ 12ኛ አንቀጽ ሰው በጉዳቱ ምክንያት የሕግ ችሎታውን እንዳይነጠቅ፥ ይልቁንም ሲወስን የሚያስፈልገው እርዳታ እንዲሰጠው ያዝዛል። ፔሩ በ2010፥ ኮሎምቢያም በ2011 ዓ.ም. ሕጋቸውን በዚሁ መንገድ አሻሽለዋል። አገራችንም የገባችውን ቃል በፍትሐ ብሔር ሕጓ መፈጸም ይገባታል።

ምናልባት አንዱ፦ እንዲህ ከሆነ ደካማው አይታለልምን? ይል ይሆናል። ጥያቄው የርኅራኄ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጥበቃው ይቅር አላልንም። ጥበቃው የሰውየውን ፈቃድ የሚፈልግ እንጂ የሚያጠፋ አይሁን አልን። ፈቃዱ ፈጽሞ ባይታወቅ እንኳ፥ በዕድሜው የወደደውንና የጠላውን ከሚያውቁት ሰዎች መረዳት ይቻላል።

ደግሞም የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት ተመልከቱ። የንስሐ አባት የዕውሩን ኃጢአት ከወንድሙ አፍ አይሰማም፤ ከራሱ አፍ ይሰማል እንጂ። ሰው ስለ ነፍሱ ራሱ የሚጠየቅ ከሆነ፥ ከነፍሱ ስለምታንሰው መሬቱ ስለ ምን አይጠየቅም?

ስለዚህ፥ ወዳጆቼ ሆይ፥ ሕግ እስኪሻሻል ሳንጠብቅ የምንሠራው ሥራ አለን። ማየት ለተሳናቸው ወረቀቱ ሳይቸኮል ሁለት ጊዜ ይነበብላቸው፤ እርሳቸው የመረጡት ሰው በአጠገባቸው ይቀመጥ። መስማት ለተሳነው ምልክቱን የሚያውቅ ይፈለግለት። አእምሮው ለታወከ ሰው የሚረጋጋበት ቀን ይጠበቅለት። ካህናትም ለሽምግልና በተጠራችሁ ጊዜ፥ በምድጃ አጠገብ ወደ ተቀመጠችው እናት አስቀድማችሁ ዘወር በሉ። ያን ጊዜ ለዘካርያስ ብራናውን ካቀረቡት ጋራ እንቈጠራለን።

የድኩማንን ድምፅ የሚሰማ አምላክ ጆሯችንን ይክፈትልን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።