የተቀጥላ ብዛት በድረ ገጽ ፍጥነትና አስተማማኝነት ላይ
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ በደብረ ማርቆስ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በድረ ገጽ ላይ የሚጫኑት ተቀጥላዎች፣ በተለምዶ ፕለጊን የምንላቸው፣ ቁጥራቸው ሲበዛ በፍጥነቱና በአስተማማኝነቱ ላይ የሚያመጡት ለውጥ ነው። ትንሽ አለመሆኑን የተረዳሁት ከራሴ ጥፋት ስለሆነ ከዚያው ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ አካባቢ የአንድ ተቋም ድረ ገጽ ኃላፊ ነበርሁ። ድረ ገጹ በዎርድፕሬስ የተሠራ ሲሆን 31 ተቀጥላዎች ነበሩት። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ሲነጋ ገጹ ባዶ ነጭ ሆኖ ተገኘ። ለካ ሌሊቱን አንዱ ተቀጥላ ራሱን በራሱ አድሶ ከሌላው ጋር ተጋጭቷል። ይህን እንዲያደርግ የፈቀድሁለትም እኔው ነበርሁ። ጥፋቱን ፈልጌ እስካስተካክል ቀትር ሆነ። በዚህ መካከል አንዲት ወጣት ከሲናን ወረዳ ከረቡዕ ገበያ ተሳፍራ መጥታ ከበራችን ቆመች። «ስልኬ አልከፍት ብሎኝ ነው የመጣሁ» አለችን። ለዳታ የከፈለችው ሳያንስ የመኪና ተጨመረባት። የቸልተኝነቴን ዋጋ የከፈለችው እርሷ ሆነች።

ለመሆኑ ችግሩ ከምን ይመጣል? ዎርድፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ፤ ተቀጥላ የሚቀበልበትን ሥርዓት ያገኘው በ2004 ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ዋናው ፕሮግራም ቀላል ሆኖ ይቆይ፣ ተጨማሪው ለሚሻው ብቻ ይታከልለት የሚል ነው። ዳሩ ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ ቅጂ ከሌለ በስተቀር፣ ገጹ በተጠየቀ ቁጥር ሰርቨሩ በሥራ ላይ ያሉትን ተቀጥላዎች ሁሉ ይጭናል። አንዳንዱ ዳታቤዙን ይጠይቃል፤ አንዳንዱም የራሱን ፋይል ወደ አንባቢው ስልክ ይልካል። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ቢሆን ርቀቱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ ደርሶ ለመመለስ ብቻ 50 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። የገጠሩ ኔትወርክ መዘግየት በዚህ ላይ ይታከላል።

የአስተማማኝነቱ ሒሳብ ደግሞ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተቀጥላ ዓመቱን ያለ እክል የመፈጸም ዕድሉ ከመቶ 99 ነው እንበል። አንዱ ሌላውን ባይነካ እንኳ 30ዎቹ በሙሉ ያለ እክል የመዝለቃቸው ዕድል ከመቶ 74 ገደማ ይሆናል። ሊጋጩ የሚችሉት ጥንዶችም 435 ናቸው።

ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን ፈራጅ አይደለም። በጥንቃቄ የተጻፉ 20 ትንንሽ ተቀጥላዎች በግዴለሽነት ከተጻፈ አንድ ከባድ ተቀጥላ ሊሻሉ ይችላሉ። የገጹን ቅጂ አዘጋጅቶ የሚያቆይ ተቀጥላ እንዲያውም ፍጥነት ይጨምራል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ከ700,000 በላይ ድረ ገጾች ላይ ተጭኖ በነበረው ፋይል ማኔጀር በተባለ ተቀጥላ ላይ የተገኘው ጉድለት ለአጥቂዎች በር ከፍቷል። ለጥፋት አንዱም ይበቃል ማለት ነው። እያንዳንዱ ተቀጥላ የማናውቀውን ሰው ሥራ አምነን ቤታችን የምናስገባበት ውል ነው። ብዙዎቹ በነጻ ስለሚገኙም «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚባለው ይደርስብናል።

ከዚያ ቀን በኋላ 31ዱን አንድ በአንድ መረመርናቸው። 13ቱን የሚጠቀምባቸው አልነበረም፤ 3ቱ ሌላው የሚሠራውን የሚደግሙ ነበሩ። 16ቱንም ከነፋይላቸው አስወገድን፤ ሥራ ያቆመ ተቀጥላ እንኳ ፋይሉ ሰርቨሩ ላይ እስካለ ድረስ ሊጠቃ ይችላልና። እድሳትን ግን አልተውንም፤ የዘገየ እድሳት ራሱ አደጋ ነው። አስቀድመን በድረ ገጹ ቅጂ ላይ እየሞከርን ሳንውል ሳናድር ወደ ዋናው እናሻግራለን።

ስለሆነም የሙያ ባልደረቦቼን የማሳስበው ይህን ነው። ተቀጥላ ከመጨመራችን በፊት ያለ እርሱ መሥራት አይቻልምን? የሚጠብቀው ማን ነው? መጨረሻ የታደሰውስ መቼ ነው? ብለን እንጠይቅ። ፍጥነቱንም ከመጨመራችን በፊትና በኋላ እንለካ፤ ልኬቱንም በቢሮአችን ኮምፒውተር ሳይሆን ከረቡዕ ገበያ በሚከፈት ተራ ስልክ እናድርገው። የምንጭነውን ጭነት የሚሸከመው ባለ ስልኩ ነውና።