«ሰው ምን ይለኛል» ስንት ያስከፍላል?

(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በቁጠባና ብድር ኮሚቴ የቀረበ ንግግር)



የጥር ሠርግ እየቀረበ ነው። ከመካከላችን ልጅ ለመዳር የሚዘጋጁ ስላሉ፣ ድንኳን ከመተከሉ በፊት ስለ ወጪው እንነጋገር ብለናል።

ባለፈው ዓመት አንዲት እኅታችን ልጇን ዳረች። እኛም ሽንኩርት ከትፈን፣ ወጥ ሠርተን፣ እልል ብለን ሙሽራዋን ሸኘን። በሁለተኛው ወር ግን የማኅበሩን ብድር መክፈል አቆመች። ለእንጀራ ንግዷ የወሰደችው ገንዘብ ለበሬና ለመጠጥ ውሎ፣ ጤፍ መግዣ አጥታ ነበር። «ምነው?» ብንላት፣ «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው» አለችን። ሁላችንም ዝም አልን። ያ «ሰው» እኛው ነን። በድግሱ ማግስት «ዶሮው አነሰ፣ ጠጁ ቀጠነ» ስንል የዋልነው እኛው ነን። ይህን የምንናገረው በእሷ ፈቃድ ነው፤ ስሜን ብቻ ተዉት ብላለች።

ስለዚህ ምክራችን ለደጋሿም ለእንግዳዋም ነው።

ለደጋሿ፦ ሒሳቡ የሚጀመረው ከበሬው ሳይሆን ከሰው ቁጥር ነው። የሚጠሩትን ስም በስም ጻፉ። ለአንድ ሰው ምግብና መጠጥ 600 ብር ቢወጣ፣ ለ300 ሰው 180,000 ብር፣ ለ200 ሰው 120,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 60,000 ብር ነው። በወር 6,000 ብር ለሚከራዩ ሙሽሮች የ10 ወር የቤት ኪራይ ማለት ነው።

ቀጥሎ ወጪውን በሦስት ክፈሉት። ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ከእድር ይገኛል። ጠላና ድፎ ዳቦ በቤት ይዘጋጃል። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ልብስና መኪና ግን ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋሉ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለመዳር ሁሉም በጥር ስለሚጣደፍ ገበያው ይወደዳል፤ በርበሬውንና ቅቤውን ቀደም ብላችሁ ጥቂት በጥቂት ግዙ። እቁብ ያላት፣ ዕጣው ለሠርጉ እንዲደርስላት ዳኛውን ከወዲሁ ታነጋግር። መልስና ቅልቅል ለየብቻ ከሚደገሱ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ተመካክረው አንድ ላይ ቢያደርጉት አንድ ሙሉ ድግስ ይቀራል። ለንግድ የተበደራችሁትን ግን አደራ፣ አትንኩት።

ለእንግዶቹ፣ ማለትም ለራሳችን፦ በየፊናችን ብርጭቆና ሳህን ተሸክመን ከምንሄድ፣ 40 ሆነን 500 ብር ብናዋጣ 20,000 ብር ይሆናል። እሱንም በሠርጉ ዕለት ሳይሆን ገበያ ከመወጣቱ በፊት እንስጣት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሌላው ስጦታችን ደግሞ አፋችንን መሰብሰብ ነው። በልተን ወጥተን ድግስ አንለካ።

የእኅታችንን የመክፈያ ጊዜ አራዝመንላታል፤ ጤፍ መግዣም አዋጥተን ምጣዷ እንደገና ተጥዷል። ዘንድሮ ግን ከመውደቅ በፊት እንደጋገፍ።

በጥር የምትድሩ እናቶች በሚቀጥለው ስብሰባ የእንግዳ ዝርዝራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እንቆጥራለን። ለልጆቻችሁ የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላቸው።